ዋላና ጥንዚዛ በወንድሜ ባነር ላይ

ደብረ ታቦር ውስጥ ባነር እሠራለሁ። አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ካጣሁ ወዲህ ቋሚ ሥራዬ ይኸው ነው። ለሠርግ፣ ለምርቃት፣ ለሱቅ ምረቃ እሠራለሁ፤ ከሁሉም በላይ ግን የምሠራው ለሙታን ነው። አርባ ወይም ሙት ዓመት የሚያወጣ ቤተሰብ የሟቹን ፎቶ ይዞ ይመጣል። እኔ ሰውየውን ከፎቶው ቆርጬ አወጣዋለሁ፣ ፊቱን አጠራዋለሁ፣ ከዚያ «ከኋላው ምን ይሁን?» ብዬ እጠይቃለሁ። ለሽማግሌ ቤተ ክርስቲያን ያስደርጋሉ። ለሕፃን ርግብ። በወጣትነቱ ለተቀጨ ግን ዋላ ነው።

ያለን ዋላ አንድ ነው። የሱቁ ባለቤት ከኢንተርኔት ያወረዱት ነው። ጭጋግ በሞላው ጫካ ውስጥ ወንዝ ዳር ቆሟል፤ ቀንዱ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ተዘርግቷል፤ አንገቱን ቀና አድርጎ ወደ አንድ ቦታ ያያል። ነፍስ ፈጣሪዋን ስትናፍቅ በዋላ እንደምትመሰል ቤተ ክርስቲያን የሳመ ሁሉ ያውቃል፤ ስለዚህ ማንም ይሄ ለምን ሆነ ብሎ አይጠይቅም። እኔም ጠይቄ አላውቅም ነበር።

የሚጠይቀኝ ወንድሜ ነበር። ወንድሜ በአምስት ዓመት ይበልጠኛል። ይበልጠኝ ነበር ማለት አለብኝ? ገና አላወቅሁም።

እዚሁ ከተማችን ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ይማር ነበር፤ የመጨረሻ ዓመቱ ነበር። የመመረቂያ ጥናቱን የሠራው በእበት ጥንዚዛ ላይ ነው። ከጉና ተራራ ግርጌ፣ በገሳይ በኩል ካለ የግጦሽ ሜዳ ጥንዚዛ ሲለካ ይውልና ሲመለስ በእኔ ሱቅ በኩል ያልፋል። ሽታው ቀድሞት ይገባል። ከዚያ የኮምፒውተሬን ስክሪን ያይና፦

«ይሄ ሰውዬ አሁንም አልሞተም?» ይላል።

«የቱ?»

«ዋላው ነዋ! ስንቱን ሰው ቀበረ እኮ።»

ባለቤቱ ሰምተው እንዳይቆጡ በክርኔ እጎሽመዋለሁ። እሱ ግን በርጩማ ስቦ ይቀመጣል።

«ቆይ፣ ጉና ላይ እንዲህ ያለ አይተህ ታውቃለህ? ድኩላ አለን፣ ሚዳቋ አለችን። አጋዘን ብትልም ቀንዱ ይጠማዘዛል እንጂ ቅርንጫፍ አያወጣም። ይሄ እኮ እንግዳ ነው። የማያውቀው ሰው ለቅሶ ላይ ምን ይሠራል?»

«ደንበኛ የሚፈልገው እሱን ነው።»

«ደንበኛህ የሚፈልገው ያሳየኸውን ነው።»

እሱ ጋ ሁልጊዜ መልስ ያልቅብኝ ነበር። ቃል ቶሎ አይመጣልኝም፤ አሁንም ስጽፍ እንደዚያው ነው።

የመግቢያ ፈተናው ውጤት የመጣ ዕለትም እዚያው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነበር። እንዳላለፍኩ አውቋል። አላጽናናኝም። ስክሪኑ ላይ ወዳለው ዋላ ጠቆመና ማስተማር ጀመረ። የዚህ ዓይነቱ ዋላ ቀንድ በየዓመቱ ይወድቃል አለኝ። ይወድቅና እንደገና ይበቅላል። ዓመቱ ክፉ ከሆነ ትንሽ ቀንድ ያወጣል፤ በሚቀጥለው ዓመት ሣር ከጠገበ ደግሞ ትልቅ። ጥንዚዛ ግን እንዲህ አይደለም። ጥንዚዛ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ወላጆቹ እበት ይዘው መሬት ውስጥ ይገባሉ፤ ጠቅልለው ይቀብሩለታል፤ እሱ ገና ትል ሳለ ያንን ይበላል። የተቀበረለት ብዙ ከሆነ ቀንድ ይዞ ይወጣል፤ ጥቂት ከሆነ ያለ ቀንድ። ከወጣ በኋላ ቢበላም ባይበላም አይለወጥም።

«አንተ ዋላ ነህ» አለኝ። «ዘንድሮ ወደቀብህ። ለሚመጣው ዓመት ይበቅልልሃል።»

«አንተስ?»

«እኔማ ጥንዚዛ ነኝ። የተቀበረልኝን በልቼ ወጥቻለሁ፤ ከእንግዲህ የሚጨመር የለም።»

ለእሱ የተቀበረለት ብዙ አልነበረም። አባታችን የሞተው እኔ ነፍስ ሳላውቅ ነው። ወንድሜ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የሰው ልጆች ያስጠና ነበር፤ የእኔ ደብተርና ጫማ ከዚያ ነው የሚመጣው። ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ እሱ ከየት እንደመጣ ተናግሮ አያውቅም፣ እኔም የሚመጣውን መልበስ እንጂ መጠየቅ አልለመድኩም። ለፈተናው እንደገና እመዘገባለሁ ብዬው ነበር። ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ ሥራ በዛብኝ አልኩት። ሦስተኛ አልጠየቀኝም።

ሐምሌ ላይ ትኩሳት ያዘው። ሳምንት አልሞላውም።

አርባው ሲቃረብ እናቴ ሱቅ መጣች። ከሞተ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያንና ከመቃብሩ በቀር የትም ሄዳ አታውቅም። ከስልኩ ያወጣችውን ሚሞሪ ካርድ በመሐረብ ጫፍ ቋጥራ ይዛዋለች። ኮምፒውተሩ ላይ ከፈትኩት። አብዛኛው ፎቶ ጥንዚዛ ነው፤ ጥንዚዛ በማስመሪያ ላይ፣ ጥንዚዛ በጠርሙስ ክዳን ውስጥ። የእሱ ጥቂት ነው፤ እሱም ለመታወቂያ እንደተነሳ ሰው የተኮሳተረ። አንድ ብቻ የሚስቅበት ተገኘ። እሱን ያነሳሁት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ገሳይ አብሬው ሄጄ ሳለ መዳፉን ዘርግቶ በላዩ ላይ ቀንዳም ጥንዚዛ አስቀምጦ ነበር፤ ጥንዚዛው ሲሮጥ ኮርኩሮት በሳቅ ፈረሰ።

«ይሄ ነው» አለች እናቴ። ጣቷን ስክሪኑ ላይ፣ ጉንጩ ላይ አደረገች። ቆይታ ደግሞ፦ «ይቺን ጥቁር ነገር ግን አጥፋልኝ።»

«ጥንዚዛው ነው እኮ፣ እማ።»

«ምንም ይሁን። ለልጄ ተዝካር የመጣ ሰው ልጄን እበት ይዞ አያየውም። ከኋላው ዋላውን አድርግለት፤ የአጎትህ ልጅ ላይ ያደረግኸውን።»

እሺ አልኳት። እሷ ቄሶቹን ልታነጋግር ሄደች፤ እኔ ሥራዬን ጀመርኩ። ከዚህ በኋላ ያለውን መጻፍ ይከብደኛል፤ ከባድ ስለነበረ ሳይሆን ቀላል ስለነበረ ነው። ጥንዚዛ ከመዳፍ ማጥፋት ለእኔ ምንም አይደለም። የጎኑን ቆዳ ገልብጬ አለበስኩት፤ የመዳፉን መስመር ቀጠልኩለት። እንዲያውም መስመሩ በደንብ ስለገጠመልኝ ደስ አለኝ። የወንድሜን ባነር እየሠራሁ ደስ አለኝ! ከኋላው ያስገባሁት ያንኑ ዋላ ነው። ሴቭ አደረግኩት።

እናቴ ስትመለስ አሳየኋት።

«ምን እየለመነ ነው?» አለች።

«ምን?»

«እጁን ዘርግቶ ይስቃል። ምን ስጡኝ እያለ ነው?»

«ጥንዚዛውን አጥፋ ስላልሽኝ…»

«አጥፋ አልኩህ እንጂ ልጄን ለማኝ አድርገው አልኩህ?»

እውነቷን ነበር። ባዶ መዳፍ፣ የሳቀ ፊት፤ ከኋላ ደግሞ ወደ ሌላ አቅጣጫ የሚያይ ዋላ። የቤተ ክርስቲያን በር ላይ የሚቀመጡትን ይመስላል። ባለቤቱ ከወንበራቸው ተነስተው መጡና «ጧፍ እናስይዘዋለን፣ ችግር የለውም» አሉ።

«ልጄ ጧፍ ይዞ እንዲህ አይስቅም» አለች እናቴ። «የያዘውን መልስለት።»

ነገ ይደርሳል ብዬ ሸኘኋት። ፎቶውን ከካርዱ ላይ ልከፍት ስል ገባኝ። የሠራሁት ግልባጭ ላይ አልነበረም፤ ካርዱ ላይ ያለውን ራሱን ከፍቼ፣ በዚያው ስም፣ በላዩ ላይ ሴቭ አድርጌዋለሁ። ይህ ማንም ለማጅ የማይሠራው ስህተት ነው። ጥንዚዛው የትም የለም። ፎቶውን አንስቼ ለእሱ የላክሁበት የድሮ ስልኬ ከተሰበረ ቆይቷል። የወንድሜ ስልክ ያለ ይለፍ ቁጥሩ አይከፈትም፤ ቁጥሩን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

ከኢንተርኔት አንድ ጥንዚዛ ማውረድ እችል ነበር። ኔትወርኩ ቆይቶም ቢሆን ይመጣል። ግን የማያውቀው ዋላ ከኋላው ቆሞ፣ የማያውቀው ጥንዚዛ ደግሞ በእጁ? ያን ያህል እንኳ አልጨከንኩም። በማግስቱ ጠዋት በሚኒባስ ገሳይ ሄድኩ።

ክረምቱ ገና አልወጣም ነበር። ሜዳው ረግረግ ነው፤ ጉና በደመና ተሸፍኗል። ለብርዱ ጃኬት ደርቤ እስከ አንገቴ ስለቆለፍኩት የለበስኩት ጥቁር አይታይም። እንጨት ይዤ እበት መገልበጥ ጀመርኩ። ትንንሾች አገኘሁ፤ ቀንድ የሌላቸው። ወንድሜ ሲያደርገው ቀላል ይመስል ነበር።

«ምን ጠፋብህ?» አለኝ አንድ ድምፅ ከኋላዬ።

ጋቢ የለበሱ፣ ጺማቸው የሸበተ ሰው ናቸው። ላሞቹ የእሳቸው ነበሩ። እጅ ነሳሁ።

«ጥንዚዛ ነው፣ አባባ።»

ፊቴን አዩና ሳቁ። «አንተ የዚያ የእበት ተማሪ ወንድም ነህ! መልካችሁ ቁርጥ አንድ ነው፤ አንተ ወፈር ትላለህ እንጂ። ምነው እሱ ጠፋብኝ? ላሞቼ ይጥላሉ፣ የሚያነሳላቸው የለም። ተኳርፈን ነው እንዴ በለው!»

አገራችን ውስጥ መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሜዳ ላይ፣ ከላም ኋላ፣ በአንድ ጎረምሳ አፍ አይነገርም። ሽማግሌ ተይዞ፣ በማለዳ፣ ቤት ድረስ ተሄዶ ነው። ለዚህ ነው ያልነገርኳቸው ብል የሚወቅሰኝ አይኖርም። ነገር ግን ለዚህ አልነበረም። ሰውየው እየሳቁ ነበር። ከቤታችን ብትጀምር እስከ ዩኒቨርሲቲው ድረስ ወንድሜ ያልሞተበት ቦታ አልቀረም፤ እዚያ ሜዳ ላይ ብቻ ተኳርፎ ቀርቷል። ከዚያ ሜዳ ላይ ላነሳው አልቻልኩም።

«ደህና ነው» አልኩ። ያ አልበቃኝም። «ፈተና ይዞት ነው። ጥንዚዛ አምጣልኝ ብሎኝ ነው።»

«ለእሱማ ከሆነ!» አሉና ጋቢያቸውን ወደ ኋላ ወረወሩ። እንጨቱን ከእጄ ወሰዱ። «እንዲህ አይቆፈርም። ትኩሱን ተወው፣ የትናንቱን ነው። ከሥሩ ጉድጓድ ፈልግ። ቀንዳሙ እዚያ በር ላይ ነው የሚቆም፤ ያ ወንድምህ ነው ያሳየኝ። ይሄን ዕድሜ ሁሉ ስረግጣቸው ኖሬ እኮ ቀንድ እንዳላቸው አላውቅም ነበር።»

ጎንበስ ብለው አንዱን ገለበጡ፣ ሌላውን ገለበጡ፤ ካፊያው ጀመረ፤ አልተዉም። እኔ «ይብቃዎ አባባ፣ ብርድ ይመታዎታል» እላለሁ፤ እሳቸው «ዝም በል፣ ባዶ እጅህን ሄደህ ምን ሊልህ ነው?» ይሉኛል። በመጨረሻ አንዱን በሁለት ጣታቸው ይዘው ተነሱ። ግንባሩ ላይ ሁለት ቀንድ አለው፤ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ። መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። እግሩ ሲቧጥጥ ይኮረኩራል። አልሳቅሁም። በሌላ እጄ በስልኬ አነሳሁት።

«ፎቶ ብቻ ነው የፈለገው?»

«ፎቶ ብቻ ነው።»

«እንግዲያው ልቀቀው። እሱም ለክቶ ሲጨርስ ይለቅቃቸዋል።» ለቀቅሁት። ሊለዩኝ ሲሉ ትከሻዬን መታ አድርገው «ለመስቀል ይምጣ በለው። የባቄላ እሸት ይደርሳል። አንተም አብረኸው ና» አሉኝ።

እሺ አልኩ።

ጥንዚዛውን ከእኔ መዳፍ ቆርጬ የእሱ መዳፍ ላይ አስቀመጥኩት፤ ከሥሩ ትንሽ ጥላ አደረግሁለት። እናቴ አየችው። «አዎ፣ አሁን ልጄ ነው» አለች። ያው ጥንዚዛ እንዳልሆነ አላወቀችም፤ አልነገርኳትም። ዋላውን ላውጣው ወይ አልኳት። «ተወው» አለች። «እሱም ለእኔ ይሁን። የናፈቅሁት እኔ አይደለሁ?»

ስለዚህ ሁለቱም ቀሩ። ለአርባው ድንኳኑ ውስጥ ተሰቀለ። ከርቀት የሚታየው ዋላው ነው፤ ትልቅ ነው፣ ያምራል፤ የገባው ሰው ሁሉ መጀመሪያ እሱን ያያል። ጥንዚዛውን ለማየት መቅረብ አለብህ። የክፍሉ ልጆች ቀረቡ፣ አዩ፣ አንዷ ሳቅ ብላ ወዲያው በነጠላዋ አፏን ያዘች፤ ከዚያ ሁሉም አለቀሱ። አንድ ጎረቤታችን «በእጁ የያዘው ምንድን ነው?» ብለው እናቴን ሲጠይቋት ሰማሁ። «ሥራው ነው» አለቻቸው። ሰው ሁሉ እኔን አመሰገነኝ። እንዲህ ያለ ባነር አይተን አናውቅም፣ እጅህ ይባረክ፣ ወንድም ማለት እንዲህ ነው አሉኝ። በተመረቅሁ ቁጥር የሚታየኝ በካፊያ ውስጥ ጎንበስ ያሉት ሰውዬ ነበሩ። የሚያስመሰግነኝን ነገር ያገኙልኝ እሳቸው ናቸው። ወንድሜ ለመስቀል ይመጣል ብለው ይጠብቃሉ።

መስከረም ሲጠባ ከዚህ በላይ መቆየት አልቻልኩም። የእናቴ ታላቅ ወንድም ዘንድ ሄድኩ። አጎቴ ሽማግሌ ናቸው፤ ሰፈራችን ውስጥ መርዶ የሚይዙ እሳቸው ናቸው።

«ገሳይ መርዶ የሚነገራቸው ሰው አሉ» አልኳቸው።

«ዘመድ ናቸው?»

«አይደሉም።»

«የትምህርት ቤት ሰው?»

«አይ። ላሞች አሏቸው። ወንድሜ እበቱን የሚወስደው ከእሳቸው ላሞች ነበር።»

«ለላሞቹ ነው እንግዲህ መርዶ የምናረዳው!» አሉና ሊስቁ ጀምረው ፊቴን ሲያዩ ተዉት። «ንገረኝ እስቲ። ሰውየውን አግኝተሃቸዋል?»

«አግኝቻቸዋለሁ።»

«ምን አልካቸው?»

«ደህና ነው አልኳቸው። ፈተና ላይ ነው አልኳቸው። ለመስቀል ይምጣ በለው አሉኝ።»

አጎቴ አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ለሞተ ሰው ሰላምታ ተቀብለህ መጣህ» አሉ። «ነገ በማለዳ ተነስ።»

የመጀመሪያውን ሚኒባስ ይዘን ገሳይ ስንወርድ ገና ወገግ ማለቱ ነበር። ቤታቸውን ጠይቀን አገኘን። በግቢው መግቢያ ላይ አጎቴ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፤ እኔም አዘቀዘቅሁ። ሰውየው ላሞቹን ሊያወጡ በረቱን እየከፈቱ ነበር። መጀመሪያ እኔን አዩኝና ፊታቸው ፈካ። ከዚያ ነጠላዬን አዩ። ከዚያ ሽማግሌውን። እጃቸው በበረቱ እንጨት ላይ ቀረ።

አጎቴ እንደ ወጉ ጀመሩ፤ ሁላችንም ሟች ነን፣ የሰጠ ጌታ ይወስዳል አሉ። ሰውየው አላስጨረሷቸውም።

«ያ ልጅ ነው?»

«ነው» አሉ አጎቴ። «እግዜር ያጽናዎ።»

«መቼ?»

«ሐምሌ ላይ።»

ሰውየው ወደ እኔ ዞሩ። ሲያስቡ ይታያል፤ ወሩን፣ ዝናቡን፣ የመጣሁበትን ጠዋት።

«አንተ ስትመጣ… ያኔም ሞቶ ነበር?»

«አዎ።»

«እና ያን ሁሉ እበት የገለበጥሁት ለማን ነው?»

አጎቴ መሬት መሬት ያዩ ነበር። የሚያግዘኝ አልነበረም፤ ደግሞም ባያግዘኝ ነው የሚሻለው።

«ለእኔ ነው» አልኩ። «ይቅር ይበሉኝ፣ አባባ። ለእኔ ነው።»

ሰውየው የበረቱን አጥር ተደግፈው ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡና አለቀሱ። ላሞቹ ከውስጥ ይገፋሉ፤ የሚከፍትላቸው የለም። ባለቤታቸው ድምፅ ሰምተው ከቤት ወጡ። እኛን አዩ፣ ባላቸውን አዩ፣ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ።

«ማን ነው? ኧረ ማን ነው?» አሉ።

አጎቴ ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ ሰውየው ከጋቢያቸው ውስጥ እጃቸውን አውጥተው ከለከሏቸው። ወደ እኔ ነው የጠቆሙት።

«እሱ ይንገራት።»

ቃል ቶሎ አይመጣልኝም ብያለሁ። ሴትየዋ ጠበቁኝ።

«ወንድሜ ሞቷል» አልኳቸው።